ከታምቡር ወደ ዲስክ ፍሬን ከቀየሩ በኋላ፦ ችግሩና መፍትሄው

የድሮ መኪናዎን የፊት ታምቡር አውርደው ዲስክና ካሊፐር (ዲስኩን በፓድ ጨምቆ የሚይዘውን ክፍል) ሲገጥሙ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አዲሱ ፍሬን የሚታዘዘው ግን ለታምቡር ተብለው በተሠሩት ማስተር ሲሊንደር (የእግርን ግፊት ወደ ዘይት ግፊት የሚቀይረው ክፍል፣ ባጭሩ ማስተር) እና ፔዳል ነው። ከቅየራው በኋላ የሚመጣው ችግር በአብዛኛው የሚገኘውም ባልተነካው ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱን ካሊፐር ከመፍታትዎ በፊት ወደ ማስተሩ ይሂዱ።

ፍሬኑ አይለቅም፣ ጎማው ይግላል

መኪናዋ ትከብዳለች። ትንሽ ከተነዳች በኋላ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ይህ በጣም የተለመደው ችግር ነው፤ አደገኛም ስለሆነ እስኪስተካከል ድረስ አይንዷት።

ታምቡር ውስጥ ሸራውን (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመውን) ወደ ቦታው የሚመልሱ ጠንካራ ስፕሪንጎች አሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ የድሮ ማስተሮች መውጫቸው ላይ ትንሽ ቫልቭ አላቸው። ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ግፊት መስመሩ ውስጥ ይዞ ያቆያል። ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ስፕሪንግ የለውም። የካሊፐሩን ፒስተን ወደ ኋላ የሚስበው ጎሚኒው (የፒስተኑ ላስቲክ ማሸጊያ) ብቻ ነው፤ ያቺ ትንሽ ግፊት ፓዱን ከዲስኩ ጋር ለማጣበቅ ትበቃለች። ሌላው ምክንያት ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ መርዘሙ ነው። ያኔ የማስተሩ ፒስተን እስከ መጨረሻው ስለማይመለስ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀራለች።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት የፊቱን በክሪክ ያንሱ፤ በማቆሚያ ይደግፉ። ፔዳሉን ረግጠው ይልቀቁና ጎማውን በእጅ ያዙሩ። ካልዞረ ማስተሩን የያዙትን ዳዶዎች ትንሽ አላልተው ማስተሩን ወደ ፊት ይሳቡት። ጎማው ከተፈታ ጥፋቱ የዘንጉ ነው፤ ያሳጥሩት። ካልተፈታ ከማስተሩ ወደ ፊት የሚሄደውን ቧንቧ ላላ ያድርጉ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከዞረ ያ ቫልቭ ነው። አሁንም ካልሆነ ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ይክፈቱ። በዚህ ከተለቀቀ ላስቲኩ ቱቦ ከውስጥ ተዘግቷል፤ ካልተለቀቀ ደግሞ ካሊፐሩ ራሱ ተጣብቋል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና ከሥር ጨርቅ ያንጥፉ።

ቫልቩን የሚያወጡት ከፊት መስመር ብቻ ነው። የኋላው ታምቡር ሆኖ ከቀጠለ የእሱ ይቆይ። ማስተሩ ከወለል በታች ከሆነና ከካሊፐሮቹ ዝቅ ካለ ደግሞ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ለዲስኩ መስመር 2 ፒኤስአይ የሚይዝ ቫልቭ ያስፈልጋል።

እኔ ግን እንዲህ ያለውን ማስተር ከመጠገን ለዲስክና ታምቡር የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር መግጠምን እመርጣለሁ። የድሮው ባለ አንድ ክፍል ከሆነ አንድ ቱቦ ሲፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። አሜሪካ ባለ ሁለት መስመር ፍሬንን በቤት መኪኖች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ግዴታ ያደረገችው በከንቱ አይደለም።

ፔዳሉ ይሰምጣል

ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ ወይ አየር አለ፣ ወይ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል። ሸራውን ያስጠጉ። ከዚያ ካሊፐሮቹን በዓይንዎ ይዩ፦ የአየር ማስወጫው ከላይ ነው ከታች? እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አየር ሳስወጣ ውዬ ፔዳሉ አልጠነክር አለኝ። ለካ የግራውን ካሊፐር በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ገጥሜያቸው ኖሯል። ማስወጫው ወደ ታች ሲዞር አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል። አቀያየርኳቸው፤ በግማሽ ሰዓት አለቀ።

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ግን ሩቅ የሚወርድ ከሆነ የማስተሩ ፒስተን ለካሊፐሮቹ ቀጭን ነው። ሰፋ ያለ ይግጠሙ።

ከጠመዝማዛ መንገድ በኋላ ብቻ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ዲስኩ እየተወዛወዘ ፓዶቹን ይገፋቸዋል።

ፔዳሉ ድንጋይ ነው፣ መኪናዋ አትቆምም

የታምቡር ሸራ ጎማው ሲዞር ራሱን እየጎተተ ይጠብቃል። ዲስክ ይህ እገዛ የለውም፤ ስለዚህ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። ሰርቮ (በሞተሩ ቫኪዩም እግርን የሚያግዝ ዕቃ) ከሌለ የፔዳሉ ብዜት፣ ማለትም የእግርን ኃይል የሚያበዛበት መጠን፣ 6 ለ 1 አካባቢ፣ ሰርቮ ካለ 4 ለ 1 አካባቢ መሆን አለበት። ከልክ በላይ ሰፊ ማስተርም ፔዳል ያከብዳል።

ሰርቮውን ለመፈተሽ ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ብዙ ጊዜ ይርገጡ። እንደረገጡት ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ካልወረደ ወይ ሰርቮው ወይ የቫኪዩም ቱቦው ችግር አለበት።

የኋላው ቀድሞ ይቆልፋል

ይህ መኪናዋን ያሾራታል። ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር ላይ የሚስተካከል የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ይግጠሙ። ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ በዝግታ ጀምረው፣ ጠንከር አድርገው ይርገጡ። አንድ ሰው ከዳር ቆሞ ጎማዎቹን ይመልከትልዎ። የፊቱ ከኋላው ቀድሞ እስኪቆልፍ ድረስ የኋላውን ግፊት ቀስ በቀስ ይቀንሱ።