የመጀመሪያ አሮጌ የጦር ጠመንጃህን ስትገዛ ከጥይቱ ጀምር

ሰው ሁሉ ከጠመንጃው ይጀምራል። ፎቶ ያያል፣ ልቡ በአንዱ ሞዘር ይነደፋል፣ ይከፍላል። «ጥይቱስ የት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። አንተ ገልብጠው። መጀመሪያ በምትኖርበት አካባቢ በሕጋዊ መንገድ፣ ሳትለምንና ሳትዞር የምታገኘው የትኛውን ጥይት እንደሆነ እወቅ። ከዚያ ያንን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ፈልግ።

ለጀማሪ የሚስማሙት ብዙ አይደሉም። የሩሲያው ሞሲን-ናጋን ከ1891 ጀምሮ በሚሊዮኖች ተመርቷል፣ 7.62×54 የሚባለው ጥይቱም ዛሬም በጦር ሠራዊቶች እጅ ስላለ ምርቱ አልቆመም። ሻካራ ነው፣ ቦልቱም (ጥይቱን አስገብቶ የሚዘጋው፣ በእጅ የሚሳበው ብረት) ጉልበት ይጠይቃል፣ ግን ጠንካራ ነው። የእንግሊዙ ሊ-ኢንፊልድ ቁጥር 4 አሥር ጥይት ይጎርሳል፣ ቦልቱም እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። የስዊድን ሞዘር በ6.5×55 ይተኩሳል፤ ይህ ጥይት የአዳኞች ወዳጅ ስለሆነ በቀላሉ አይጠፋም፣ ምቱም ትከሻ አይጎዳም። የስዊዘርላንዱ ኬ-31 ደግሞ ቦልቱ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ የሚሳብ፣ አሠራሩ የሰዓት ሠሪ እጅ ያለበት ዕቃ ነው። የሰደፉ እንጨት ታችኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ ተመታትቶና ጠቁሮ ታገኘዋለህ፣ አትደንግጥ፤ ውስጡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። የሰደፉን ብረት ስትፈታ ደግሞ ዕድለኛ ከሆንክ የወታደሩ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ታገኛለህ።

የአሜሪካውን ኤም-1 ጋራንድ የሚመኝ ብዙ ነው፣ እውነት ለመናገር እኔም እወደዋለሁ። ግን ለመጀመሪያ ጠመንጃ ውድ ነው፣ ጣጣም አለው። ለአደን ተብለው የሚሠሩ ከበድ ያሉ ጥይቶች ቦልቱን የሚያንቀሳቅሰውን የጋዝ ዘንግ ሊያጣምሙት ይችላሉ፣ ስለዚህ ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ ጥይት ያስፈልገዋል። የጃፓኑን 7.7 አሪሳካ ወይም የጣሊያኑን 7.35 ካርካኖ ደግሞ ጥይቱን አስቀድመህ በእጅህ ካላስገባህ አትንካቸው። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ጀርመን 8 ሚሊሜትር። በ1888 የወጣው የቀድሞው ጠመንጃ 0.318 ኢንች ውፍረት ያለው አረር (ከጥይቱ ተለይቶ የሚበረው ጫፍ) ነበር የሚተኩሰው፣ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የመጣው ግን 0.323 ነው። ሁለቱም «8 ሞዘር» ይባላሉ። ወፍራሙን አረር በጠባቡ በርሜል ማስገባት ጨዋታ አይደለም። በርሜሉ ካልተለካ አትተኩስበት።

የፈቃዱን ነገር ባጭሩ። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ጨርሰው። አሜሪካ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ለሆናቸው መሣሪያዎች የሰብሳቢ ፈቃድ የሚባል አለ፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ጠመንጃ በፖሊስ በሚሰጥ ፈቃድ ላይ መመዝገብ አለበት። በሌላው አገር ሌላ ነው። «አሮጌ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» ያለህን ሻጭ ትተህ ሕጉን ራስህ አንብብ። ወረቀት የሌለውን መሣሪያ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ።

አሁን ወደ ዋናው። ጠመንጃውን ስትቀበል መጀመሪያ ቦልቱን ከፍተህ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልህም። ከዚያ ቦልቱን አውጥተህ በበርሜሉ ውስጥ ወደ ብርሃን ተመልከት። የምትፈልገው የሚያብረቀርቅ ነገር ብቻ አይደለም። ጠመዝማዛዎቹ መስመሮች ጠርዛቸው የተሳለ ነው ወይስ እንደ ተላሰ ከረሜላ ድቡልቡል ብሏል? ጠቆር ያለ በርሜል ጠርዙ ከቆመ ብዙ ጊዜ ደህና ይተኩሳል፤ እየበራ ጠርዙ ያለቀ ግን ተስፋ የለውም። ቻምበሩ (ጥይቱ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋላ) አጠገብ ጉድጓድ ጉድጓድ የሠራ ዝገት ካየህ ዋጋው ላይ ተነጋገር ወይም ተወው። በርሜሉ በግሪስ ከታጨቀ ደግሞ «ጥረገውና ልየው» በል። ግሪስ ስንቱን ጉድ ይሸፍናል።

አፈሙዙን ለብቻው እይ። እነዚህ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የተጎዱት በተኩስ ሳይሆን በማጽጃ ዘንግ ነው። ወታደሩ ዘንጉን ከፊት እያስገባ ለዓመታት ሲወለውል አፈሙዙ አንድ ጎኑ ይበላል። ባለቤቱ ከፈቀደልህ ለመለማመጃ የሚሆን፣ ባሩድም፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥል ቀስቃሽም የሌለው አስመሳይ ጥይት በአፍጢሙ አፈሙዙ ላይ አስቀምጥ። ከቀለሁ (ባሩዱን ከሚይዘው ቀፎ) አንገት በፊት አረሩ ትንሽ ከታየ ጥሩ ነው። ቀለሁ አፈሙዙን እስኪነካ ድረስ ከሰጠመ በርሜሉ ተበልቷል። ሩሲያዎቹ ለዚህ መላ ነበራቸው፦ የተበላውን ጫፍ ከውስጥ በሰፊው ቦርቡረው አዲስ ጠርዝ ያወጡለታል። እንዲህ የተሠራ ሞሲን ላይ ይህ ፈተና አይሠራም፣ አፈሙዙ ሰፊ ሆኖ ስላየኸው ብቻም አትጣለው።

እንጨቱ ላይ ከቦልቱ ኋላ ያለችውን ቀጭን ቦታና የእጅ መያዣውን አገላብጠህ ስንጥቅ ፈልግ። ጭረትና ቁስል ግድ የለም፣ ስንጥቅ ግን ምቱን የሚሸከመው ቦታ ላይ ከሆነ እየሰፋ ይሄዳል።

የመለያ ቁጥሮቹን አወዳድር። በበርሜሉ፣ በቦልቱና በሰደፉ ብረት ላይ ያለው ተመሳሳይ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። በመጋዘን ታድሰው የወጡ ጠመንጃዎች ላይ የድሮው ቁጥር ተሰርዞ አዲስ ተጽፎ ታያለህ፤ ለመተኮስ ምንም አይልም፣ ግን የዋናውን ዋጋ አትክፈልበት። ጃፓኖቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ የአበባ ምልክት ከተፋቀ ዋጋው ይወርዳል፣ ካልተፋቀ ይወጣል። እንጨቱ ለአደን ተብሎ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ሰብሳቢ ዞር ብሎም አያየውም፣ ያኔ በርካሽ ያገኘ ተኳሽ ነው የሚጠቀመው። «ይሄ እገሌ የሚባል ጄኔራል ጋር የነበረ ነው» የሚል ወሬ ግን ሰነድ ካልተያያዘበት ዋጋው ዜሮ ነው።

የቦልቱ ቁጥር ከዋናው ካልገጠመ የሚያሳስበው ለሰብሳቢው ብቻ አይደለም። በቦልቱ ፊትና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለው ልክ፣ ሄድስፔስ የሚባለው፣ ከላላ ቀለሁ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን በዓይን አታውቀውም። የመሣሪያ ባለሙያ በመለኪያ ይፈትሸዋል፣ ሥራውም አጭር ነው። ለሊ-ኢንፊልድ ቁጥር 4 የቦልቱ ራስ ከ0 እስከ 3 በቁጥር የተለያየ ልክ ስላለው ማስተካከል ይቻላል፤ ለሌሎቹ እንዲህ አይቀልም።

ሁለት ስሞች ያዝ። ስፕሪንግፊልድ 1903 ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ ግን በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከ800,000 በታች፣ በሮክ አይላንድ ደግሞ ከ285,507 በታች ቁጥር ያላቸው ብረታቸው በአግባቡ ስላልተጠበሰ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። እነዚህን ሰቅለህ እያቸው። የካናዳው ሮስ 1910 ደግሞ ቦልቱ በስህተት ሊገጣጠም ይችላል፣ እንዲያ ሆኖ ከተተኮሰ ወደ ተኳሹ ፊት ተወርውሮ ይመጣል። ለመጀመሪያ ጠመንጃ አይሆንም።

በኢንተርኔት የምትገዛ ከሆነ የአፈሙዙን፣ የቻምበሩን፣ የቦልቱን ፊትና የቁጥሮቹን ፎቶ ጠይቅ። «ካሜራዬ አያነሳም» የሚል ሻጭ ይኖራል። ሌላ ሻጭም ይኖራል።

ቤት ከገባ በኋላ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ለመፈግፈግ እጅህ ይበላሃል። ተው። ማኅተሞቹ ይጠፋሉ፣ ከነሱ ጋር ዋጋው። ግሪሱን በላምባና በጨርቅ ልቀቀው፣ ግን እሳት በሌለበትና አየር በሚገባበት ቦታ። ሞሲን ከሆነ ቻምበሩን ደጋግመህ ጥረግ፤ ቦልቱ ከተኩስ በኋላ አልከፈት የሚለው ብዙ ጊዜ እዚያ በተጋገረ ግሪስ ምክንያት ነው።

ከዚያ ጨዉ አለ። የድሮ የጦር ጥይት ብዙው ቀስቃሹ ሲቃጠል ጨው ይተዋል፣ ጨዉ እርጥበት ይስባል፣ በርሜሉም ቶሎ ይዝጋል። ዘይት ጨው አያሟሟም። የሚያሟሟው ውሃ ነው። ከተኩስ በኋላ በዚያው ቀን የፈላ ውሃ በበርሜሉ አፍስስ፣ ቦልቱንም እጠብ፣ በደንብ አድርቅና ከዚያ ዘይት ቀባ። «ውሃ ጠመንጃ ላይ?» ብለው የሚስቁብህን ተዋቸው።

የመጀመሪያውን ተኩስ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርገህ፣ አንድ አንድ ጥይት እያጎረስክ ሞክር። እያንዳንዱን ቀለህ አንስተህ እይ። ዙሪያውን ደማቅ መስመር ወይም ስንጥቅ ከታየ አቁምና ወደ ባለሙያ ውሰደው። ሞሲን ከሆነና ጥይቱ ወደ ጎን እየሄደ ካስቸገረህ ደግሞ በርሜሉን አትርገም፤ ማነጣጠሪያው የተስተካከለው ሳንጃው ተሰክቶ ሳለ ነው፣ የፊተኛውን ጉጥ በልኩ መግፋት ይበቃል።