አእምሮ ከቀላል ሂደቶች እንዴት ሊገኝ እንደሚችል በባቄላ ማሳየት

በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝ የምታስተምሩ መምህራን፣ ማሰብ የማይችሉ ብዙ ነገሮች ተባብረው አእምሮን እንዴት ሊያስገኙ እንደሚችሉ ለማስረዳት በካሬ የተሰመረ ሰፊ ወረቀትና እፍኝ ባቄላ ይበቃችኋል።

ባቄላው የሚቀመጥበትንና የሚነሣበትን ሕግ ያወጣው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኮንዌይ ሲሆን፣ በሰፊው የታወቀው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። እያንዳንዱ ካሬ ስምንት ጎረቤቶች አሉት፤ ሁለት ወይም ሦስት ባቄላ የጎረበተው ባቄላ ባለበት ይቆያል፣ ጎረቤቶቹ ከዚያ ካነሱ ወይም ከበዙ ይነሣል፣ ልክ ሦስት ባቄላ በከበበው ባዶ ካሬ ላይ ደግሞ አዲስ ይቀመጣል። ለውጡ በሁሉም ካሬዎች በአንድ ጊዜ መፈጸም ስላለበት፣ የሚነሡትንና የሚጨመሩትን አስቀድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ይህን መዝለል ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

አሁን ሦስት በሦስት የሆኑ ዘጠኝ ካሬዎች ምረጡና ከላይኛው ረድፋቸው መካከል አንድ፣ በሁለተኛው ረድፍ ቀኝ ጫፍ አንድ፣ በሦስተኛው ረድፍ ሦስት ባቄላ አስቀምጡ። ከአራት ዙር በኋላ ያው ቅርጽ አንድ ካሬ ወደ ታችና አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ይገኛል፤ ሆኖም ከካሬ ወደ ካሬ የተገፋ አንድም ባቄላ የለም። ጉዞው በየትኛው ባቄላ ውስጥ እንዳለ ተማሪዎቹን ጠይቁና በቂ ጊዜ ስጧቸው፤ የትምህርቱ እምብርት ይህ ነው። ከዚያም 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ወዳሉት የሰው አንጎል አሻግሯቸው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌሎች የደረሰውን ምልክት ደምሮ ያስተላልፋል ወይም ዝም ይላል እንጂ ለብቻው አያስብም።