ከሹሩባው ጫፍ ምን ልሰር? ለባስ የሚሆን ፍሎሮካርቦን አመራረጤ

ልብስ ሰፊ ነኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፤ እሁድ እሁድ ፖቶማክ ወንዝ ወርጄ ባስ የሚባለውን አሳ አጠምዳለሁ። አሳ ማጥመድ የጀመርኩት ሐዋሳ በልጅነቴ ነው። ናይለን ክር ቆርቆሮ ላይ ጠቅልለን፣ መንጠቆው ላይ ትል ሰክተን ቆሮሶ እንጠብቅ ነበር። ያኔ የተገኘው ክር ነው፣ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። እዚህ የአሳ ዕቃ መደብር ስገባ ግን ግድግዳው በሙሉ ክር ነው። ዕድሜዬን በክር የኖርኩ ሰው ፈዝዤ ቆምኩ።

ብሬድ የሚሉት ክር በጣም ቀጫጭን የፖሊኢትሊን ክሮች ተጎንጉነው የሚሠራ ነው፤ እኔ ሹሩባ እለዋለሁ። ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ የመለጠጥ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ አሳው ማባበያውን ገና ሲነካው ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ በነጭ ሸሚዝ ላይ እንደ ቀረ ጥቁር ክር ያስታውቃል፤ ድንጋይና ዛጎል ሲፈትጉት ደግሞ ቶሎ ይበላል። ለዚህ ነው ጫፉ ላይ ፍሎሮካርቦን የሚባል ነጠላ የፕላስቲክ ክር የሚቀጠልለት። ያ ቅጥያ ሊደር ይባላል።

ማሸጊያው ላይ «የማይታይ» ተብሎ ሲጻፍ ቃል በቃል አትመኑት። ብርሃን ውሃ ውስጥ የሚታጠፍበት መጠን 1.33 ነው፤ የፍሎሮካርቦን 1.42፣ የናይለን ከ1.5 በላይ። ቁጥሩ ወደ ውሃው በቀረበ መጠን ክሩ አያብረቀርቅም፣ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገዛኝ ሌላ ነገር ነው፤ ፍሎሮካርቦን ፍትጊያ ይችላል፣ እንደ ናይለን ውሃ ጠጥቶ አይለሰልስም። ኦኮኳን ግድብ ከዝናብ በኋላ ማኪያቶ ሲመስል ምንም ክር አይታይም፤ እኔ ግን ያኔም ሊደር አስራለሁ፣ ከውሃው ሥር ያለው ግንድ የትም አልሄደማ።

ስለዚህ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «አሳው ያየዋል ወይ?» ሳይሆን «ክሩ ምን ይነካዋል?» ነው። ቀጥሎ ውፍረቱን እዩ። ሰው ሁሉ ፓውንዱን፣ ማለትም ክሩ ሳይበጠስ የሚችለውን ክብደት፣ ብቻ ያነባል፤ እኔ በሙያዬ ልማድ ሚሊሜትሩን ነው የማየው። ሁለት ድርጅቶች «12 ፓውንድ» ብለው የሚሸጡት ክር አንዱ ከሌላው ወፍሮ ይገኛል፤ የወፈረው ፍትጊያ ይችላል፣ የቀጠነው ማባበያውን እንደ ልቡ ያንቀሳቅሳል። ጥቅሉ ላይ ውፍረቱ ካልተጻፈ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

እኔ የምጠቀምበትን ልንገራችሁ።

ላይኛው ፖቶማክ፣ አልጎንኪያን ፓርክ አካባቢ፣ ውሃው ከድንጋይ በላይ ይፈሳል፣ በበጋ ደግሞ ይጠራል። እዚያ ያለው አፈ ጠባቡ ባስ ነው። በቀላል ዘንግ፣ በስፒኒንግ ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር)፣ 10 ፓውንድ ሹሩባ ላይ 8 ፓውንድ ሊደር አስራለሁ። 8 ፓውንድ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ 0.23 ሚሊሜትር ነው። ከትንንሽ የፕላስቲክ ትሎች ጋር ከዚህ ከወፈረ ትሉ እንደ ገመድ ላይ ልብስ ይንጠለጠላል እንጂ አይዋኝም። ርዝመቱን ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ውሃው ጥርት ያለ ነው።

ታችኛው ፖቶማክ፣ ወደ ሊሲልቫኒያ ፓርክ ስትወርዱ፣ ሌላ ዓለም ነው። ሃይድሪላ የሚባለው አረም እ.ኤ.አ. በ1982 ከተገኘ ወዲህ ብዙ ቦታ ምንጣፍ ሆኖ ይተኛል፤ የጀልባ ማሰሪያ እንጨትም አለ። እዚህ አፈ ሰፊው ባስ ይደበቃል። 30 ፓውንድ ሹሩባ ላይ 15 ፓውንድ ሊደር፣ እንጨቱ ከበዛ 17። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ቋጠሮው ከዘንጉ ጫፍ ውጭ እንዲቀር እፈልጋለሁ። በየውርወራው በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ የሚመላለስ ቋጠሮ ውሎ አድሮ ይላላል።

አረሙ ጥቅጥቅ ብሎ፣ በላዩ የላስቲክ እንቁራሪት ስትጎትቱ ደግሞ ሊደር አያስፈልግም። 50 ፓውንድ ሹሩባ በቀጥታ መንጠቆው ላይ። ሹሩባ አረሙን እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ፍሎሮካርቦን ግን ይንሸራተትና አሳውን ከነአረሙ ያስቀርባችኋል። ውሃው ገጽ ላይ ለሚንሳፈፉ፣ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ማባበያዎችም ፍሎሮካርቦን አልወድም፤ ክብደቱ ከውሃ ይበልጣልና አፍንጫቸውን ወደ ታች ይጎትታል። ለእነሱ ናይለን እቀጥላለሁ። ናይለኑ ጠጠር ስለሚል መንጠቆዎቹ ላይ አይጠመጠምም፣ ለስላሳው ሹሩባ ግን መጠምጠም ይወዳል።

ሊደሩ ሁልጊዜ ከሹሩባው የደከመ ይሁን። መንጠቆው ግንድ ሲይዝባችሁ መበጠስ ያለበት የታችኛው ጫፍ ነው፤ አለዚያ 40 ሜትር ሹሩባ ወንዙ ውስጥ ትታችሁ ትሄዳላችሁ። ስትጎትቱ ሹሩባውን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። አንድ ጊዜ ጠምጥሜ ጣቴ ተቆርጦ ሳምንቱን ሙሉ ሠርግ ልብስ በአራት ጣት ሰፍቻለሁ። አጭር እንጨት ያዙ፣ በእሱ ጠምጥማችሁ ሳቡ።

ስለ ገንዘቡም ላንሳ። ሊደር ተብሎ በትንሽ ጥቅል የሚሸጠው 25 ያርድ ገደማ ነው፤ በዋጋው ላይ ጥቂት ከጨመራችሁ ለዋና ክርነት የተሠራ 200 ያርድ ፍሎሮካርቦን ታገኛላችሁ። የሊደሩ ብዙ ጊዜ ጠጠር ይላል፣ የዋናው ለስለስ ይላል። ለ15ና ለ17 ፓውንዱ ጠጣሩን እከፍልበታለሁ፣ እንጨት ነው የሚጠብቀው። ለ8 ፓውንዱ ግን ትልቁን ጥቅል ገዝቼ እየቆረጥኩ ነው የምጠቀመው፤ ለቋጠሮም ይመቻል። መደብር ውስጥ ሊደሩን ሳብ ለቀቅ አድርጋችሁ ማየት ከተፈቀደላችሁ፣ ስትለቁት እንደ ስፕሪንግ ሽቦ ተጠቅልሎ የሚቀረውን ተዉት።

አሁን ወደ ቋጠሮው፤ ክር የሚጠፋው እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ባሴን ያጣሁት ክሩ ደክሞ ሳይሆን ቋጠሮዬ ተንሸራቶ ነው። ሊደሩ ሲመለስ ጫፉ እንደ አሳማ ጅራት ተጥመልምሎ ነበር። ቋጠሮ ሳይበጠስ ሲንሸራተት ምልክቱ ይህ ነው። ሹሩባ እንደ ሐር ልሙጥ ነው፤ ለሐር የሚበቃ ጥምዝ ለጥጥ ከሚበቃው ይበልጣል፣ ይህን እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት።

እኔ የማስረው አልቤርቶ የሚባለውን ነው። ሊደሩን አጥፋችሁ ዓይን የመሰለ ቀለበት ሥሩ። የሹሩባውን ጫፍ በቀለበቱ አሳልፉት። ከዚያ ሁለቱን የሊደር ክሮች አንድ ላይ ይዛችሁ፣ ከቀለበቱ እየራቃችሁ ሰባት ጊዜ ጠምጥሙት፤ ተመልሳችሁ በጥምጥሙ ላይ ወደ ቀለበቱ ሌላ ሰባት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ሹሩባው በገባበት በኩል ይውጣ፤ በሌላው በኩል ካወጣችሁት ቋጠሮው አይጠብቅም። በምራቅ አርጥቡት፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ጥምጥሞቹ እንዳይደራረቡ በጣት ጥፍር እያስተካከላችሁ። ደረቅ ፍሎሮካርቦን በኃይል ሲሳብ በገዛ ሙቀቱ ይቃጠላል፤ መንጠቆው ጋ ያለውንም ቋጠሮ እንዲሁ አርጥቡ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች እጃችሁ ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከልብ ሳቡት። የሚበጠስ ከሆነ አሁን፣ መሬት ላይ ይበጠስ።

ከእያንዳንዱ አሳ በኋላ የሊደሩን የመጨረሻ 30 ሴንቲሜትር በሁለት ጥፍር መሃል አሳልፉት። ትንሽ ከሻከረ ቆርጣችሁ መንጠቆውን እንደገና እሰሩ። እየተቆረጠ ከግማሽ ሜትር በታች ሲደርስ አዲስ ቀጥሉ። የተቆረጠውን ኪሳችሁ ክተቱት፤ ፍሎሮካርቦን በቀላሉ አይበሰብስም፣ ወፍ እግር ላይ ተጠምጥሞ አይቻለሁ። ጀልባ በሚወርድበት ቦታ ብዙ ጊዜ ለአሮጌ ክር የተተከለ የፕላስቲክ ቱቦ አለ።

ስኔክሄድ ቢይዛችሁስ? ይህ እባብ ራስ አሳ ፖቶማክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የተገኘው፤ አሁን ባስ ፍለጋ የወጣ ሰው ሳይፈልገው ያገኘዋል። ጥርሱ ስለት ነው። እሱ እንዳለ ባወቅሁበት የአረም ዳር 20 ፓውንድ እቀጥላለሁ፣ አሳውም ከወጣ በኋላ ሊደሩን ሳላየው ደግሜ አልወረውርም።