ታጌላ፦ የቱዋሬጎች የአሸዋ ቂጣ

የሰሃራ በረሃ ሕዝብ የሆኑት ቱዋሬጎች ታጌላን ያለ እርሾና ያለ ምጣድ፣ በጋለ አሸዋ ውስጥ ይጋግሩታል። ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት በጨውና በውኃ ጠንከር አድርጋችሁ እሹ። ሊጡ ከቀጠነ አሸዋው ይጣበቅበታል፤ ዋናው ስህተት ይኸው ነው። ሁለት ጣት በሚሆን ውፍረት አክብባችሁ ጠፍጥፉና ላዩን ደረቅ ዱቄት ነስንሱበት።

በንጹሕ አሸዋ ላይ እሳት አንድዱ። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ሲቀር ፍሙን ገለል አድርጉ፣ ሊጡን በጋለው አሸዋ ላይ አንጥፉ፣ መልሳችሁ በትኩስ አሸዋና በፍም ሸፍኑት። ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ገልብጡት። በእንጨት ሲመታ ደረቅ ድምፅ ከሰጠ በስሏል፤ ካልሆነ መሐሉ ጥሬ ነው።

አሸዋውን አራግፉ፣ በውኃም ቶሎ እጠቡት (አትፍሩ፣ ቅርፊቱ ይችለዋል)። በትንንሹ ቆራርሳችሁ ከሥጋ ወጥና ከቅቤ ጋር ፈትፍቱት።