ዕዳ እየከፈሉ ቤት ሲያስተዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕዳ ላለበት ቤት ስለ ቁጠባ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ማኪያቶና ወደ ታክሲ ይሄዳል። እነሱም ድርሻ አላቸው። በመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ማመልከቻ ስናይ ግን ደጋግሞ የሚያጋጥመን ሌላ ነገር ነው። ሰው ከልቡ ሲቆጥብ ይከርምና አንድ ያላሰበው ወጪ ሲመጣበት አዲስ ብድር ይጠይቃል። ወራት ሙሉ ከአፉ እየነጠቀ ያጠራቀመው በአንድ ሳምንት ያልቃል። ስለዚህ ዕዳ ያለበት ቤት በወሩ መጨረሻ ራሱን መጠየቅ ያለበት ስንት ብር ተረፈን ብሎ ከመሆኑ በፊት፣ አዲስ ብድር ገባን ወይ ብሎ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች የመረጥኳቸው ሁሉም መጨረሻቸው አዲስ ብድር ስለሆነ ነው።

ዕዳውን ከትዳር አጋር መደበቅ

ይሉኝታ በየቤታችን ከወለድ በላይ ያስከፍላል። ባል ከመሥሪያ ቤቱ የተበደረውን ሚስት አታውቅም፤ ሚስት ከጓደኛዋ የወሰደችውን ባል አያውቅም። አንዱ ዕዳውን ለመዝጋት ምሳውን እየዘለለ ሌላው «ዘንድሮስ ሶፋውን እንቀይረው» ይላል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ ሁለቱም የሚያስቡት በያዙት መረጃ ልክ ነው።

አንድ ምሽት ልጆች ከተኙ በኋላ ቁጭ ብሎ አንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ይበቃል፦ ከማን ተወሰደ፣ ስንት ቀረ፣ በየወሩ ስንት ይከፈላል፣ ወለዱ ስንት ነው፣ ዋሱ ማን ነው። የሱቁ ዱቤና ከወንድም «እስከ ደመወዝ» ተብላ የተወሰደችው ሺህ ብርም እዚያው ትግባ። ትንንሾቹን ከዝርዝሩ ያወጣ ሰው ወሩ ሲጋመስ ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠፋዋል።

ሁሉንም ዕዳ በአንድ ዓይን ማየት

ወለድ በሁለት መንገድ ይሰላል፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። 60,000 ብር በ12 በመቶ ለአንድ ዓመት ተበደሩ እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነና በየወሩ ከዋናው 5,000 ብር ከከፈሉ፣ የዓመቱ ወለድ 3,900 ብር ነው። እስከ መጨረሻው በመነሻው 60,000 ላይ የሚታሰብ ከሆነ ግን 7,200 ብር ይሆናል። ሁለቱም ውል ላይ የሚጻፈው «12 በመቶ» ተብሎ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ብድር ላይ ትርፍ ብር ባገኙ ቁጥር ቀድሞ መክፈል ወለድ ያስቀንሳል፤ በሁለተኛው ዓይነት ላይ ግን ቀድሞ መክፈል ምንም ላይቀንስ ስለሚችል፣ ገንዘቡን ይዘው ከመሄድዎ በፊት አበዳሪውን ይጠይቁ።

በስልክ የሚወሰደው የአጭር ጊዜ ብድርም እንዲሁ ሒሳቡ መሠራት አለበት። ለምሳሌ 2,000 ብር ወስዶ በወሩ 2,200 መመለስ ሁለት መቶ ብር ብቻ ስለሆነ የሚከብድ አይመስልም። ግን በወር 10 በመቶ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እየተከፈለ እንደገና የሚወሰድ ከሆነ 120 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። እንደ ቴሌብር እንደኪሴ ያለው፣ ሒሳብ ሲያጥር የጎደለውን ሞልቶ ክፍያውን የሚያሳልፈው አገልግሎት ለጭንቅ ቀን ጥሩ ነው፤ የየሳምንቱ አስቤዛ ማሟያ ሲሆን ግን የሚቀጥለው ደመወዝ ገና ሳይገባ ይበላል። ስለ አራጣ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። በወር አሥር በመቶ የሚጠይቅ ሰው ውለታ እየዋለልዎ አይደለም።

ትርፍ ብር ሲገኝ ወለዱ ከፍ ወዳለው ዕዳ ይሂድ። አንድ ቀንም መዘግየት የሌለበት ግን ዋስ ያለበት ብድር ነው። ወለዱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያው ሲቋረጥ ግን የሚቆረጠው የዋሱ ደመወዝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የስንት ዓመት ባልንጀርነት ሲያፈርስ አይተናል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዋስ የሚሆን ሰው ማግኘት ይከብዳል።

በመጀመሪያው ወር ከአቅም በላይ መክፈል

ይህ ከቅንነት የሚመጣ ስህተት ነው። ሰው ዕዳው ሲያስጨንቀው የደመወዙን ግማሽ ለመክፈል ይፈርማል። ሁለት ወር ይዘልቃል፣ በሦስተኛው ዱቤ ይጀምራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው በአጠቃላይ ከወሩ ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህን ሲሶ ለቤትዎም ጣሪያ አድርገው ቢይዙት አይጎዱም። የቤት ኪራዩ ከባድ ከሆነ እንዲያውም ከዚያ በታች መውረድ ግድ ነው።

ዕድርንና የጤና መድኅንን ማቋረጥ

ወጪ ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ ብዕር የሚያርፍበት ዕድር ነው። በየወሩ ይከፈላል፣ በምላሹ የሚታይ ነገር የለም። ነገር ግን ቤት ውስጥ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ የቀብሩ ወጪና የሰው ጉልበቱ በአንድ ቀን የሚያስፈልግ ነው። ይህን ሁሉ ከኪስ ለመሸፈን የሚወሰደው ብድር፣ ያለ ምርጫና ያለ ድርድር የሚወሰድ ብድር ነው። በዚያ ቀን ማንም ወለድ አያወዳድርም።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም እንደዚሁ ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚጠየቅ «ዘንድሮ ይቅር፣ ማን ታመመ?» ይባላል። የዕድሳቱ ጊዜ ካለፈ በኋላ ልጅ ሲታመም መታወቂያው አያገለግልም፣ የላቦራቶሪውና የመድኃኒቱ ወጪ ሙሉ በሙሉ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። እኔ ብጠየቅ ሥጋውን ከወር ወደ ሁለት ወር አራዝሜ እነዚህን ሁለቱን አልነካም። መቀነስ ካለበት ሁለትና ሦስት ዕድር ያለው ቤት አንዱን ብቻ ያስቀር፤ ማኅበሩና ጽዋው ደግሞ ድግሱ ቀለል እንዲል ከአባላቱ ጋር መነጋገር ይቻላል። ብዙ ጊዜ ሌሎቹም ይህን የሚናገር ሰው ሲጠብቁ ነው የሚገኙት።

ዕቁብን ሁልጊዜ ቁጠባ ነው ብሎ ማመን

ዕቁብ እወዳለሁ። ያለ ወለድ፣ ያለ ማስያዣ፣ በመተማመን ብቻ የቆመ ነገር ነው። ዕዳ ላለበት ሰው ግን ጥቅሙ የሚወሰነው ዕጣው በሚወጣበት ወር ነው።

አሥር ሰው በየወሩ 3,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ እንውሰድ፣ ዕጣው 30,000 ብር ነው። እርስዎ ደግሞ በቀሪው ላይ 17 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ዕዳ አለብዎት። ዕጣው በመጀመሪያው ወር ወጥቶልዎ ገንዘቡን እንዳለ ወደ ዕዳው ካስገቡ፣ ያንኑ 3,000 በየወሩ ለአበዳሪው ከመክፈል ጋር ሲነጻጸር 1,900 ብር ገደማ ወለድ ይድናል። በአሥረኛው ወር ከወጣ ደግሞ በተቃራኒው ያንኑ ያህል ይከስራሉ፤ እርስዎ ወለድ እየከፈሉ ለዘጠኝ ሰው ያለ ወለድ ሲያበድሩ ከረሙ ማለት ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ባለዕጣ መካከል ያለው ልዩነት 3,800 ብር ይደርሳል።

ስለዚህ ዕዳ ላይ ሳሉ አዲስ ዕቁብ ከመግባትዎ በፊት ዳኛውን ያነጋግሩ። ችግር ላለበት ቀድሞ የሚሰጡ ዕቁቦች አሉ፤ በተለይ የመሥሪያ ቤትና የሰፈር ዕቁቦች ላይ ሰው ሁኔታውን ካስረዳ ይሰሙታል። በዕጣ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ዕዳው ቢገባ ይሻላል። ዕጣ መግዛትም ያው ብድር ነው፦ 30,000 ብር ቀድሞ ለማግኘት 2,000 ብር ከሰጡ፣ ያ ሁለት ሺህ ወለድ ነውና ከዕዳዎ ወለድ ጋር አስተያይተው ይወስኑ።

ያለፈው ሒሳብ ሁሉ ለባንክ ደብተርም ይሠራል። ተራ የቁጠባ ሒሳብ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ 17 በመቶ እየከፈሉ በ7 በመቶ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። ለሕመምና ለድንገተኛ ጉዳይ የሚሆን የአንድ ወር የቤት ወጪ ያህል ብቻ ይቀመጥ። ይህችን እንኳ ሳይዙ ሁሉንም ወደ ዕዳው መክተት ግን ተመልሶ ያስበድራል።

አስቤዛን በዱቤ መግዛት፣ ወይም ሁሉንም በጅምላ ማከማቸት

የሱቅ ዱቤ ወለድ የለውም ይባላል። ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፣ በክፉ ቀንም የደረሰልን እሱ ነው። ይሁን እንጂ ዱቤ የሚወስድ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ አይከራከርም፣ ከሸማቾች ማኅበር ወይም ከእሁድ ገበያ ጋር አያወዳድርም። ዘይቱ በብርጭቆ፣ ስኳሩ በሩብ ኪሎ ይሄዳል። ወሩ ሲያልቅ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ላይ ይከፈልና ለቀጣዩ ወር ጥሬ ገንዘብ ስለማይተርፍ እንደገና ዱቤ ይጀመራል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት በአንድ ወር ሁሉንም መዝጋት አያስፈልግም፤ በየወሩ ከተለመደው ላይ ሩቡን ያህል እየጨመሩ በጥሬ ገንዘብ መግዛት በአራት ወር ያደርሳል።

ተቃራኒው ስህተት በጅምላ የተገዛ ሁሉ ይረክሳል ብሎ ማሰብ ነው። ጤፍ ላይ እውነት ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከክረምቱ ይሻላል፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ስለዚህ ኩንታሉን ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት ያዋጣል። ሽንብራና ባቄላ ግን ይነቅዛሉ፣ እነሱን ለሁለትና ለሦስት ወር በሚበቃ ልክ ብቻ መያዝ፣ ወይም ቶሎ አስፈጭቶ ሽሮ ማድረግ ነው። ቀይ ሽንኩርት በክረምት እርጥበት ይበሰብሳል፤ በአትክልት ተራ ዋጋ ረከሰ ብሎ ሃያ ኪሎ ያመጣ ቤት ሩቡን ይጥላል። ጤፉን ከማሽላ ወይም ከሩዝ ጋር ማደባለቅ ብዙ ቤት የለመደው ነው፣ እንጀራውም ያምራል። የልጆች እንቁላልና ወተት ላይ ግን መቀስ እንዳይነሳ እለምናለሁ። የጾሙ ወራት ወጪውን በራሳቸው ያቀልላሉ፤ ዕድገት ላይ ያለ ልጅ ከዚያ በላይ ቁጠባ አይችልም።

ትንሹን መብራት እያጠፉ ምጣዱን መርሳት

የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ ይህ 350 ባለ 10 ዋት አምፖል በአንድ ላይ እንደ ማብራት ነው። ብዙው የሚባክነው ምጣዱ እስኪግል ነው፣ ስለዚህ በሳምንት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ሁለት ጊዜ በርከት አድርጎ መጋገር። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል።

መስከረምን እንደ ድንገተኛ ወጪ መቁጠር

እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፤ ሁሉም በአንድ ወር። በዚያ ላይ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 36 ቀን መዝለቅ አለበት። ይህ በየዓመቱ የሚመጣ፣ ቀኑ የታወቀ ነገር ነው፤ ሆኖም ኮሚቴያችን ጋ የብድር ጥያቄ የሚበዛው በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን ነው።

የዓመቱን የበዓልና የትምህርት ወጪ ደምሮ ለአሥራ ሁለት መክፈል፣ ድርሻውንም ደመወዝ በገባበት ቀን ለብቻው ማስቀመጥ ነው መፍትሔው። ለዚህ የቴሌብር ሳንዱቅም ሆነ ሌላ የማይነካካ ሒሳብ ይሆናል። ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ረመዳንና ዓረፋ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደፊት እየቀደሙ እንደሚመጡ አስበው ይያዙ፣ አንዳንዱ ዓመት ከትምህርት ቤት ክፍያ ጋር አንድ ወር ላይ ይገጥማሉና። ሥጋውን በተመለከተ ሙሉ በግ ከማረድ ቅርጫ መግባት ዕዳ ላለበት ቤት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ለቤት ኪራይ ቅድሚያ መበደር

የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሲያጋጥም ብዙ ተከራይ ብድር ፍለጋ ይሮጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉን ወረዳ ወስዶ ማስመዝገብም ለተከራዩ ጥበቃ ነው።

የከፈሉበትን ማስረጃ አለመያዝ

በዘመድና በጓደኛ መካከል ወረቀት መጠየቅ ነውር ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በሌላ እንዳይረጋገጥ ይደነግጋል፤ ሕጉ ይህንኑ ለመክፈልም ያደርገዋል። አምስት መቶ ብር ዛሬ የአንድ ቀን የገበያ ወጪ እንኳ ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ በእጅ የተሰጠ እያንዳንዱ ክፍያ ቀንና ፊርማ ይኑረው፣ ከተቻለም በባንክ ይተላለፍ፣ ምክንያቱ ላይም «የብድር ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ የብድር ውሉን ዋና ቅጂ መቀበል፣ ከተቋም ከሆነ ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ማስጻፍ፣ ዋስ የሆነው ሰው ከግዴታው ነጻ መውጣቱ ደብዳቤው ላይ መጠቀሱን ማየት፣ አንዱንም ቅጂ ለዋሱ ወስዶ በእጁ መስጠት ያስፈልጋል።