ደጋ ላይ ርካሽ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ የመብራት መቆራረጥ ያሰለቻቸው ቤተሰቦች ከኤሌክትሪክ ቦይለር ይልቅ በሲሊንደር የሚሠራውን፣ ውሃውን ሳያጠራቅም እንደመጣ የሚያሞቀውን ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ መግዛት ጀምረዋል። ብዙዎቹ ርካሽ ሞዴሎች እሳቱን የሚለኩሱት በሁለት ትልልቅ ባትሪ ድንጋዮች ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራቸውን አያቋርጡም። በምርጫው አልከፋም። ሆኖም በቧንቧ ሥራዬ ከቤት ቤት ስዞር ተመሳሳይ ጥፋት ደጋግሜ አያለሁ፤ አንዱ ደግሞ ሰው የሚገድል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሊትር ቁጥር እንዳለ ማመን ነው። «6 ሊትር» ማለት ማሞቂያው በደቂቃ 6 ሊትር ውሃ በ25 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያሞቃል ማለት ሲሆን፣ ለዚህ ወደ 10.5 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገዋል። ይህ ስሌት ግን የተሠራው ለቆላ አየር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከሩብ በላይ ቀንሷል፤ እሳቱ የሚያገኘውም ኦክስጅን በዚያው ልክ አንሷል። በሙያው በተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ የማሞቂያው ኃይል 4 በመቶ ያህል ስለሚቀነስ፣ እዚህ ሲደርስ ከሦስት እጁ አንዱን እጅ አጥቷል ማለት ነው። በታኅሣሥ ማለዳ 12 ዲግሪ ሆኖ የገባውን ውሃ 40 ዲግሪ ለማድረስ ያ ባለ 6 ሊትር ማሞቂያ የሚሰጠው በደቂቃ ከ3 ሊትር ተኩል ብዙም አያልፍም፤ በዚህ ደግሞ ፀጉር ታጥቦ አያልቅም። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ያለ ዘመድ በዚያው ማሞቂያ በጣም ደስተኛ ሊሆን ይችላል፤ የእርሱ ውሃ ሲገባም ለብ ያለ ነው፣ አየሩም ወፍራም ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ለአንድ ሻወር ቢያንስ ባለ 10 ሊትሩን መግዛት ይገባል።

«ትንሹ ጋዝ ይቆጥብልኛል» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ጋዙን የሚበላው የሚሞቀው ውሃ እንጂ የማሞቂያው ትልቅነት አይደለም። በደቂቃ 5 ሊትር ተኩል ለአሥር ደቂቃ የሚታጠብ ሰው 200 ግራም የማይሞላ ጋዝ ይጨርሳል፤ ስለዚህ የ12.5 ኪሎ ሲሊንደር ከ60 ጊዜ በላይ ያሳጥባል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት ልምጣ፤ ይኸውም ማሞቂያውን መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ያለ ጭስ ማውጫ መስቀል ነው። ጠባሴ አካባቢ አንዲት እናት ቤት «እሳቱ ደከመ» ተብዬ ተጠርቼ ስገባ፣ ማሞቂያው ከሻወሩ ራስጌ ተሰቅሏል፣ ብቸኛዋ መስኮት ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወትፋለች፣ ነበልባሉ ቢጫ ሆኗል፣ ግድግዳው ላይም እስከ ኮርኒሱ ጥላሸት ወጥቷል። ራስዎን ያምዎታል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ታጥቤ ስወጣ ብርድ ይመታኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም» አሉኝ። ብርድ አልነበረም። ኦክስጅን ያነሰው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚጨርሰው ያው መርዝ ነው። «ጋዝ ቢያፈስ ይሸተኝ ነበር» የሚሉ ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ፤ የሲሊንደሩ ጋዝ ሰው እንዲያውቀው ሽታ ተጨምሮበታል፣ ከእሳቱ የሚወጣው መርዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ ማውጫ የሌላቸውን ማሞቂያዎች ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳይመረቱ ከልክላለች። ሻጩ በጥቂት መቶ ብር ቀንሶ ቢሰጥዎትም እባክዎ አይግዙ። ባለ ጭስ ማውጫውን ገዝተው ቱቦውን ሳይተክሉ የሚተዉ ደንበኞችና፣ ይህን እያዩ ገጥመው ሂሳባቸውን ተቀብለው የሚሄዱ የሙያ ጓደኞቼም ያሳዝኑኛል። የቆርቆሮ ቱቦው ወደ ላይ እያዘነበለ ከቤት ውጭ መውጣት፣ ጫፉም ነፋስ ጭሱን እንዳይመልሰው ክዳን ሊኖረው ይገባል። ከሁሉም የሚሻለው ማሞቂያውን ከውጭ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሰቅሎ ሙቁን ውሃ ብቻ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆነ የጋዙን መቆጣጠሪያ ይቀንሱ፣ ካልተስተካከለም አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ።

የማሞቂያው መለያ ላይ የጋዙ ግፊት 2000 ፓስካል (Pa) የሚል ከሆነ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ስለሆነ ለእኛ ሲሊንደር አይሆንም፤ 2800 የሚለውን ይፈልጉ።

ሮቶ የሚጠቀሙ ሰዎች ከፍታውን ሳይለኩ መግዛት የለባቸውም። የአንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ርካሽ ማሞቂያዎች ለመነሳት ከ0.2 እስከ 0.25 ባር ይፈልጋሉ። የሮቶው ሥር ከማሞቂያው ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ ካላለ፣ ወይ ማቆሚያውን ማስረዘም ወይ ፓምፕ መጨመር ግድ ነው።

ሲሊንደሩ በብርድ ማለዳ ግፊቱ ሲቀንስና እሳቱ ሲዳከም ከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያስጠጉ ሰዎች አይቻለሁ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ወይም የሻወሩን ውሃ ቀነስ አድርጎ መክፈት ይበቃል።

ማሞቂያውን ውጭ የሰቀሉ ሰዎች የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ መርሳት የለባቸውም። ውስጡ የቀረው ውሃ ሌሊት በረዶ ሲሆን ቀጭኑን የመዳብ ቱቦ ይሰነጥቀዋል፣ ያ ቱቦ ከተሰነጠቀ ደግሞ ርካሹን ማሞቂያ መጠገን አዲስ ከመግዛት ብዙም አይለይም። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ጋዙንና የውሃውን መግቢያ ይዝጉ፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ይክፈቱ፣ ከዚያም ከማሞቂያው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈትተው ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ይጠብቁ።