«ኧረ ግቡ፣ አይናከስም!»

ጎጃም ውስጥ ሰው ቤት ሄዶ ይችን ቃል ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። አጥሩ በር ላይ ቆማችሁ «ቤቶች!» ትላላችሁ። ውሻው ጥርሱን አግጦ ይመጣል። ባለቤቱ ከማድ ቤት ሳይወጣ «ኧረ ግቡ፣ አይናከስም!» ይላል። እውነቱን ነው፤ እሱን አይናከሰውም።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በእኛ ቤት ይህን ቃል የምትለው እማየ ነበረች፣ ውሻችን ደግሞ ቡላ ይባላል። በአንዱ ፋሲካ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እንጀራ በሽሮ ሲበላ የከረመው ቡላ የበግ አጥንት አገኘ። የአራት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ሊያቅፈው ሄደ። ቡላ መጀመሪያ ማኘኩን አቆመ። አንገቱ ደረቀ። ከዚያ ራሱን ሳያዞር፣ የዓይኑ ነጭ ብቻ ቦግ ብሎ እየታየ፣ ልጁን በዓይኑ ጥግ ተመለከተውና ዝቅ ባለ ድምፅ አጉረመረመ። አባየ አይቶ ነበር። ተነሥቶ በዱላ ጀርባውን አቀመሰውና «በልጄ ላይ ታጉረመርማለህ!» አለው። ሁላችንም ደግ አደረገ አልን። በዓመቱ፣ አሁንም በፋሲካ፣ ያው ልጅ ወደ ያው ውሻ ሲጠጋ ቡላ አላጉረመረመም። ቀጥ ብሎ ጉንጩን ነከሰው።

ዱላው ንዴቱን ትቶለት ድምፁን ነበር የወሰደበት። ስለዚህ ውሻችሁ ሲያጉረመርም አትምቱት። ልጁን አንሡት፣ ውሻውን ተዉት፣ ከዚያ ምን እንዳስቆጣው አስቡ።

ከማጉረምረሙ በፊት ደግሞ ብዙ ነገር ይናገራል። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። የሚበላ ሳይኖር አፍንጫውን ይልሳል። ፊቱን ያዞራል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። ልጃችሁ የውሻውን አንገት አቅፎ በስልክ ፎቶ ስታነሡት ውሻው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ቢያዛጋ፣ ፎቶው ያምራል፣ ውሻው ግን ጭንቅ ላይ ነው። ጭራውም ያታልላል። ከወገቡ ጀምሮ እየተወዛወዘ የሚቆላውና ጭራውን እንደ እንጨት አቁሞ ጫፏን ብቻ የሚያንቀጠቅጠው አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ካያችሁ ልጁን ቶሎ ሰብስቡት።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ምግብ። ውሻ ሲበላ ማንም አይጠጋውም፣ በቃ። ሳህኑን ልጆች ከሚመላለሱበት ደጃፍ አንሥታችሁ ጓሮ አድርጉት። በበዓል ሰሞን አጥንት ስትሰጡት ታስሮ ወይም ለብቻው ሆኖ ይብላ። መውሰድ የግድ ከሆነ ከአፉ አትንጠቁ፤ ራቅ አድርጋችሁ ሌላ ነገር ጣሉለትና ወደዚያ ሲሄድ አንሡት። «ከአፉ ብነጥቀው ዝም ይለኛል» እያለ ልጁ ፊት ጉራውን የሚነዛ አባት አለ። ነገ አባቱ በሌለበት የሚሞክረው ያ ልጅ ነው እኮ።

ቀጥሎ ሰንሰለት። እኛ አገር ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ለሌባና ለጅብ ይፈታል። ልማዱን ዛሬ እንተወው ብል የሚሰማኝ የለም። ግን የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ አይችልም፤ የሚቀረው መናከስ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ በአጭር ሰንሰለት ከእንጨት ጋር ከምትጠፍሩት በሁለት ምሰሶ መካከል ጠንካራ ሽቦ ወጥራችሁ ሰንሰለቱን በቀለበት አንጠልጥሉበት፤ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፣ ጥላም ያገኛል። ሁለተኛ፣ ውሻው ተለጥጦ የሚደርስበትን ለኩና ከዚያ አንድ ትልቅ እርምጃ ጨምራችሁ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሩ። ለልጅ «ውሻው ጋ አትሂድ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። «ከድንጋዩ አትለፍ» ግን ይገባዋል፣ ዓይኑ ያየዋልና። እኛ ቤት ድንጋዮቹን ኖራ ቀብተናቸዋል፤ ጎረቤት ስቆብናል፣ አሁን ግን ሁለት ቤት ቀድቶናል።

አምስት ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ ድንጋይም ቢደረደር ይረሳዋል። እሱና ውሻው ብቻቸውን አይቀሩ፣ ቡናው እስኪፈላ እንኳ። አያለሁ ማለት ደግሞ በመስኮት ማየት አይደለም፤ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ መሆን ነው። ከፍ ላለው ልጅ የምታስተምሩት ጥቂት ነው። የተኛን ውሻ በእጅ አትቀስቅስ፣ ከሩቅ ጥራው። ቡችሎቿን የምታጠባ ውሻ ጋ አትድረስ። አንገት አትቀፍ፣ ጆሮና ጭራ አትጎትት፣ እንደ ፈረስ አትጋልብ። መዳሰስ ከፈለግህ እሱ ወደ አንተ ይምጣ፣ ደረቱን ወይ ጎኑን እሸው፣ ሦስት ጊዜ ያህል አሽተህ አቁም፤ ሄደ? እንዳትከተለው።

የሰው ውሻ መንገድ ላይ ከመጣበትስ? አይሩጥ። እጁን አጣጥፎ እንደ ግንድ ይቁም፣ ዓይን ለዓይን አይተያይ፣ ውሻው ሲሰለቸው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሂድ። ከወደቀ ተጠቅልሎ ፊቱንና አንገቱን በእጁ ይሸፍን። ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ማለት የታወቀ የገጠር ዘዴ ነው፣ ለትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ ይሠራል። ልጅ ሲጎነበስ ግን ፊቱ ከውሻው አፍ እኩል ይሆናል፤ ለልጅ አልመክረውም።

ቡችላ ልታመጡ ከሆነ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ሰፈር ውስጥ ልጆች ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ ቡችላ በሹራብ ጠቅልለው ያመጣሉ፤ ያሳዝናል፣ ግን ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው ንክሻው እስከ ምን ድረስ እንደሚያሳምም የሚያውቀው። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ዐሥራ አራተኛው ገደማ በደህና የለመደውን ነገር ሲያድግ ብዙ ጊዜ አይፈራውም። ስለዚህ ያኔ ሁሉንም ያሳዩት፦ ልጅ፣ ሽማግሌ ከነከዘራው፣ ጃንጥላ፣ ባጃጅ፣ በግ፣ ድመት፣ ዶሮ። በቀስታ፣ ሳያስጨንቁት።

ዶሮ ከባዷ ናት። ዶሮ ትሮጣለች፣ ትንጫጫለች፤ ለውሻ ከዚህ የበለጠ ጨዋታ የለም። ቡችላውን በገመድ ይዛችሁ ዶሮዎቹ በሚጭሩበት አጠገብ ተቀመጡ። ሲያያቸው ስሙን ጥሩ፣ ወደ እናንተ ሲዞር ቁራሽ ስጡት። በቀን ዐሥር ደቂቃ፣ ለሳምንታት። አንድ ጊዜ ካባረረ ጣዕሙን ያውቀዋል፣ ስለዚህ እስኪታመን ድረስ ገመዱ አይፈታ። ዶሮ ገድሎ ከሰዓታት በኋላ ብትገርፉት ለምን እንደተገረፈ አያውቅም፤ እናንተን መፍራት ብቻ ይማራል። ጫጩት የያዘች እናት ዶሮ ካለች ደግሞ ፈተናውን ተዉት፣ በአጥር ለዩአቸው።

ለድመት መድኃኒቷ ከፍታ ነው። ቆጥ ላይ ወይም መደርደሪያ ላይ ውሻው የማይደርስበት ቦታ ትኑራት፣ ምግቧም እዚያው ይሁን። ከመተያየታቸው በፊት የአንዱን መኝታ ጨርቅ ለሌላው ሰጥታችሁ ሽታውን ይላመዱ። ሲገናኙ ውሻው በገመድ፣ ድመቷ ግን መሸሻዋ ክፍት ሆኖ።

በግና ፍየል ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውሾች ሲሰባሰቡ ነው። ለብቻው ጨዋ የሆነ ውሻ ሁለት ጓደኛ ሲያገኝ ሌላ ሰው ይሆናል (ሰውም እንደዚያው ነው ለነገሩ)። ስለዚህ አጥሩን በየሳምንቱ ዙሩት። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚባለው ለተረት ብቻ አይደለም፣ የበጉ በረት በዚያው በኩል ነው። ሁለት ውሾች ከተጣሉ ደግሞ እጃችሁን አታስገቡ፤ ባልዲ ውሃ ድፉባቸው፣ ጣሳ አንኳኩ፣ ልጆቹን ቤት አስገቡ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። በግ ወይም በሬ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። «ይሄ ለውሻ!» ብለን እንወረውራለን። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ውሻውን የዳሰሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ከበላ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን ሥጋ አቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጉድጓድ ቅበሩት። ለውሻው የትል መድኃኒት ከእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ፣ ልጆቹንም እጅ አስታጥቡ።

አሁን ወደ ከባዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱ 10 ሰዎች 4ቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ውሻችሁን ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ቀኑ እንዳይረሳችሁ የመስቀልን ሰሞን ያዙ፤ የበሽታው ዓለም አቀፍ ቀንም ሴፕቴምበር 28 ነው፣ ብዙውን ጊዜ በእኛ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት። ድመቷንም ውሰዷት።

ልጅ ከተነከሰ፣ ትንሽ ጭረትም ብትሆን፣ ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ፤ ልጅ እያለቀሰ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ቡና አትነስንሱ፣ ቅጠል አትለጥፉ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ክትባቱ ተከታታይ ስለሆነ ከመሃል አታቋርጡ። ጠበሉን አልቃወምም፣ እማየም ወንድሜን ወስዳዋለች፤ ግን ክትባቱን አስጀምራ ነው የወሰደችው። በሽታው ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው የሚነሣው፣ ስለዚህ «ይኸው ደህና ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። ውሻውንም ተናዳችሁ ወዲያው አትግደሉት። መያዝ ከተቻለ ለ10 ቀን ለብቻው ታስሮ ይታይ፤ ያን ጊዜ በጤና ካለፈ ሲነክስ ቫይረሱ በለሃጩ አልነበረም ማለት ነው። ልጁ ግን 10 ቀኑን ሳይጠብቅ ክትባቱን ይጀምር። ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተቀየረ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ ውሻ ካያችሁ አትጠጉ፣ ለእንስሳት ክሊኒክ ንገሩ። ላምና አህያም ይይዛቸዋል። ላሟ ለሃጯ ሲወርድና መዋጥ ሲያቅታት «ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮባት ነው» ብሎ እጁን አፏ ውስጥ የሚከት ገበሬ ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል።

የወንድሜ ጠባሳ አሁን በጺሙ ተሸፍኗል። እኔ ቤት ደግሞ ነብሮ የሚባል ውሻ አለ፣ ልጆችም አሉ፣ የሰው ልጆችም ይመጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ከልጆቼ ብዙም አይበልጥም፣ እግሩ ላይ የሦስት ቤት ውሻ ጥርስ አለ። «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ትልቋ ልጄ ብድግ ትላለች። መጀመሪያ ሄዳ ሰንሰለቱ መያዙን ታያለች። ከዚያ ነው እንጀራውን ይዛ የምትወጣው።